የቤተሰብ ስማችን «ገበሬ» ነው እንዴ?

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው።

«የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። የአባቴ ስም ጣሰው፣ የአያቴ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። እዚህ ስንመጣ ወረቀት ላይ ‹ወልደ› መካከለኛ ስም ሆነና ‹ጊዮርጊስ› ብቻውን የቤተሰብ ስም ሆኖ ቀረ። የ5ኛ ክፍል ተማሪ ልጄ ‹የቤተሰብ ስማችሁን ትርጉምና አመጣጥ ጽፋችሁ ኑ› ተባለች። ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ‹አባዬ፣ ስማችን ገበሬ ማለት ነው፤ ግሪክ ነን እንዴ?› አለችኝ። ምን ልበላት? ‹ጣሰው›ንስ እንዴት ላስረዳት? ረገጠው ማለት ነው ብዬ ለመንገር አፈርኩ። ሌላም አለ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት አንድ ልጅ ሞቶብናል። እናቴ ከደብረ ማርቆስ እየደወለች ‹ወንድ ከሆነ ካሳሁን በሉት› ትላለች። ባለቤቴ ስሙን አልወደደችውም። ለሚወለደው ልጅስ የቤተሰብ ስም የትኛውን እንስጠው?»

በመጀመሪያ ባለቤትዎን በሰላም ይገላግልልዎ። ከቀላሉ ልጀምር።

ልጅዎ ያገኘችው ትርጉም ልክ ነው። ጊዮርጊስ ከግሪክኛ የመጣ ስም ነው። መሠረቱ መሬት የሚያርስ፣ ገበሬ ማለት ነው። ጆርጅም፣ የስፔኖቹ ሆርሄም ዘመዶቹ ናቸው። ግሪክ ግን አይደላችሁም። ስሙ ወደ እኛ የገባው ከሰማዕቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ነው። ደግሞም ከነገሩኝ ሰዎች መካከል ጊዮርጊስ የተባለ የለም። አያትዎ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። ይህ አንድ ስም ነው።

«ወልድ» በግዕዝ ልጅ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ድ» ወደ «ደ» ስትዞር «የ… ልጅ» የሚል ዝምድና ትፈጥራለች። ስለዚህ «ወልደ» ብሎ ማቆም፣ «የእገሌ ልጅ» ማለት ጀምሮ እገሌን ሳይጠሩ መተው ነው። ወረቀቱን የሞላው ሰው በሁለቱ መካከል ክፍተት አየና ስሙን ለሁለት ከፈለው። ሰውየው ምን ያድርግ? እኛም እኮ አንዴ አራርቀን አንዴ አጣብቀን ነው የምንጽፈው።

እንዲህ ያሉት ስሞች ብዙ ናቸው። «ገብረ» አገልጋይ ነው። «ኃይለ»፣ «ተክለ»፣ «ኪዳነ» እንደሚሰሙት ኃይል፣ ተክል፣ ኪዳን ናቸው። ለሴቶች «ወለተ» አለ፣ ልጅ ማለት ነው። «አመተ» ደግሞ አገልጋይ ናት። ከኋላቸው ሥላሴ፣ ማርያም፣ ሚካኤል፣ ጻድቅ እየተባለ ይቀጥላል። አብዛኞቹ መነሻቸው የክርስትና ስም ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ የሚሰጥ ስም ነው። ጸሎት ላይ፣ ሲቆርቡ፣ ሲሞቱም ፍትሐት ላይ የሚጠራው እሱ ነው። ሰፈሩ የሚጠራበት የዓለም ስም ሌላ ነው። ዛሬም የክርስትና ስሙን ለማንም የማይናገር ሰው ሞልቷል። በስሙ መተት እንዳይሠራበት ይፈራል።

ታሪክ ላይ የምናውቃቸው ብዙ ሰዎች በዚህ መልክ ሁለት ስም አላቸው። ንግሥት ዘውዲቱ የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነበር። አስካል የወይን ዘለላ ነው። የጎንደሯ እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ ወለተ ጊዮርጊስ ነበሩ። እንግዲህ ልጅዎ ደስ ይበላት። በስም ከሄድን የእሷ ቅድመ አያትና እቴጌ ምንትዋብ ወንድምና እህት ናቸው፤ ሁለቱም የጊዮርጊስ ልጆች።

አያትዎ ለምን የጊዮርጊስ ልጅ ተባሉ? ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው። የጊዮርጊስ ቀን በየወሩ በ23 ነው፤ በዚያ ሰሞን ተወልደው ወይም ክርስትና ተነሥተው ይሆናል። አለዚያ ደብራቸው ጊዮርጊስ ይሆናል። ወይም የስለት ልጅ ናቸው። እናት «ልጅ ስጠኝና በስምህ እጠራዋለሁ» ብላ ተስላ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ እናትዎ ሳያውቁ አይቀሩም። በሚቀጥለው ሲደውሉ ይጠይቋቸው። ለቤት ሥራው ኢንተርኔት ላይ ካለው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ የግዕዝ ስሞች አፍ ውስጥ ሲቆዩ ያጥራሉ። ወልደ ማርያሙም፣ ወልደ ሚካኤሉም «ወልዴ» ይሆናል። ኃይለ ሥላሴው «ኃይሌ» ወይም «ኃይሉ»፣ ገብረ ሕይወቱ «ገብሬ» ወይም «ገብሩ»። ሲያጥሩ ግን እንደ እርስዎ ወረቀት ተቆርጠው አይቀሩም። «የእኔ» ወይም «የእሱ» የሚል ጭራ ይቀጠልላቸውና በአማርኛ ሙሉ ይሆናሉ። የ1961ዱ የሜክሲኮ ኦሊምፒክ የማራቶን አሸናፊ ማሞ ወልዴ የአባቱ ስም እንዲህ ያጠረ ነው። የራሱ ስም ማሞ ደግሞ በቃ፣ ትንሹ ልጅ ማለት ነው። ወላጅ አቅፎ ሲያባብል የሚለው ቃል ስም ሆኖ ኦሊምፒክ ደረሰ።

አሁን ወደ «የቤተሰብ ስም» እንምጣ። ልጅዎን ያሳሳታት የቤት ሥራው ጥያቄ ነው። ፈረንጆች አንድ ቃል ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እየተላለፈ ስለሚኖር ትርጉሙን ፈልጉ ይላሉ። አናጺ፣ ወፍጮ ቤት፣ የወንዝ ዳር የሚል ያገኛሉ። የእኛ ስም ግን አይቆምም። የእኔ ስም ለልጄ ሁለተኛ ይሆናል፣ ለልጅ ልጄ ሦስተኛ፣ ከዚያ ከወረቀት ይወጣል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የውጭ ጋዜጠኞች «ገብረሥላሴ አሸነፈ» ሲሉ አባቱን ነው የሚያወድሱት። በዓለም ላይ ብቻችንን አይደለንም፤ አይስላንዶችም በአባት ስም ነው የሚኖሩት።

በሕግ ግን ሌላ ታሪክ አለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ አንቀጽ 32 ላይ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም አለው ይላል። በአስተዳደር ወረቀት ላይም የቤተሰቡ ስም ቀድሞ እንዲጻፍ ያዛል። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ነው። ቀኑን ልብ ይበሉልኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ። የዓለም ጋዜጦች «ቢቂላ» እያሉ ጻፉ። ቢቂላ አባቱ ናቸው። ሕጉ የቤተሰብ ስም አላችሁ ባለን ዋዜማ እንደሌለን በመላው ዓለም ታየ። ከዚያ ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ አለፈ፤ አንቀጹ መጽሐፍ ላይ ተቀምጧል፣ ሰዉ በአባትና በአያት ስም ይኖራል። ሚስትም በትዳር ስሟን አትቀይርም። የባለቤትዎ ስም ከእርስዎ ጋር ካልገጠመ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ለምን አላስፈለገንም? እኔ እንደማየው ዋናው ምክንያት መሬት ነው። በተለይ በእርስዎ አገር በጎጃም፣ በጎንደርም፣ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር። ሰው ርስት ሲሟገት ከራሱ ጀምሮ መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው «ዋና አባት» ድረስ ስም እየጠራ ይቆጥራል። አንዱን ማሳ በአባቱ እናት፣ ሌላውን በእናቱ አባት በኩል ይጠይቃል። በወንድ መስመር ብቻ የሚሄድ አንድ ስም ቢኖረው ግማሽ ዘመዱን ይሸፍንበት ነበር። ጋብቻም አለ። ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይጋቡም። ስለዚህ ቤተሰቡ በአንድ ቃል ሳይሆን በዝርዝር ነበር የሚታወቀው፤ ዝርዝሩም የሚኖረው በሽማግሌ አፍ ነው። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ የሚለው የ1967 አዋጅ ሲወጣ የርስት ሙግቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የመቁጠሩ ነገርም እየሳሳ መጣ። ዛሬ ከአያቱ በላይ ስም የማይጠራ ወጣት ብዙ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከቤተሰብ ስም ማጣት ይልቅ ይሄ ነው።

ስለዚህ ልጅዎ አንድ ቃል ከምትተረጉም ይልቅ ወደ ላይ ትቁጠር። እሷ፣ እርስዎ፣ ጣሰው፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ በላይ እናትዎ የሚያስታውሱትን ያህል። የእናትዎንም ወገን ትጨምር።

ጣሰው ላይ ደረስን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቀመጥ፤ የአማርኛ ስም ውበቱ ያለው እዚህ ነውና። የግዕዙ ስም «የእገሌ ልጅ» ይላል። የአማርኛው ስም ግን ብዙውን ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ግስ አለው፣ ባለቤት አለው፣ የሚነገረው ሰው አለ። አበበ፣ ከበደ፣ ታደሰ፣ ተሰማ፣ ዘነበ ሁሉም የሆነውን ይናገራሉ። ይልማ፣ ይርጋ ምኞት ናቸው፤ ይለምልም፣ ይደላደል። ግዛው፣ አስፋው፣ በላቸው፣ ናደው ትእዛዝ ናቸው፤ ለሕፃኑ የተሰጠ ትእዛዝ። አንዳርጋቸውን ቀስ ብለው ቢያነቡት «አንድ አርጋቸው» ነው። ሽፈራው «ሺ ፈራው»፣ ሺመልስ «ሺ መልስ» ነው። ያየህይራድ የሚባል ስምም አለ፤ ያየህ ሁሉ ይንቀጥቀጥ! ይህን ስም የያዘ ሕፃን ጡጦ ይዞ ሲተኛ ይታየኛል።

ጣሰው ከዚህ ቤት ነው። ሁለት ንባብ አለው። አንዱ ያለፈ ነገር ነው፤ ጥሶ ሄደ፣ አሸነፈው። ሁለተኛው ትእዛዝ ነው፤ ጣስ፣ አንተ ልጅ፣ ጣሰው! ፊደሉ አንድ ስለሆነ የትኛው እንደታሰበ የሚያውቀው ስሙን ያወጣው ሰው ብቻ ነው። ዛሬ «ጣሰ» ስንል የምንሰማው ሕግ መጣስ፣ ቀይ መብራት መጣስ ነው። ለዚያ ነው ያፈሩት። በድሮው ጆሮ ግን የጦር ሜዳ ቃል ነው፤ የጠላትን ሰልፍ ጥሶ የገባ ጀግና ይባላል። ስለዚህ ለልጅዎ «ረገጠው» አይበሏት። «ጥሶ የሚያልፍ» ይበሏት። በነገራችን ላይ፣ የጣሰው አባት ወልደ ጊዮርጊስ መሆናቸው ደስ ይለኛል። ባለ ፈረሱ ባለ ጦሩ ሰማዕት አባት፣ ጥሶ የሚገባ ልጅ። ታስቦበት ይሁን አይሁን እናትዎ ይንገሩን።

መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ው» ማን ናት? ጠላት ናት። ስም አውጪው አይጠራውም፣ «እሱን» ብሎ ያልፈዋል። መኳንንቱ በጦር ፈረሳቸው «አባ እገሌ» እየተባሉ የሚጠሩባቸውን የፈረስ ስሞች ያስታውሱ። አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ነበሩ። የራስ መኮንን «አባ ቃኘው» ነበር። ያ ቃኘው የሚለው ስም በኋላ ኮሪያ ለዘመተው ሻለቃ ተሰጠ። ዳኘው፣ ቃኘው፣ ጣሰው አሠራራቸው አንድ ነው። የአባትዎ ስም እንግዲህ ከመኳንንቱ የፈረስ ስም ጋር ይሰለፋል። ደሀ ገበሬም ቢሆኑ ልጃቸውን እንዲህ ብሎ ለመጥራት ፈረስ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ከቤተ መንግሥት ወደ ሰፈር የወረደ ስም ሌላም አለ። አፄ ፋሲለደስ የዙፋን ስማቸው ዓለም ሰገድ ነበር። አፄ ገላውዴዎስ አጽናፍ ሰገድ ተብለዋል፤ የምድር ዳርቻ ሁሉ ሰገደ ማለት ነው። ዛሬ ዓለምሰገድ የሚባል የታክሲ ሾፌር፣ አጥናፍሰገድ የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ብናገኝ አይገርመንም።

ልጅ ስም ሲወጣለት የአባቱን ስም ታሳቢ ማድረግም የቆየ ልማድ ነው። ሁለቱ ስሞች ሲገጥሙ ደስ ይላል። ታስቦም ይሁን ሳይታሰብ የገጠመ ብዙ አለ። አበበ ቢቂላን እንውሰድ። ቢቂላ በኦሮምኛ ከመብቀል የመጣ ነው። አባት በቀለ፣ ልጅ አበበ፣ በሁለት ቋንቋ። ደራርቱ ቱሉም እንዲሁ ናት። ደራርቱ ከማበብ ነው፣ ቱሉ ኮረብታ ነው። ወሎ ቢሄዱ ደግሞ እንድሪስ፣ ሰይድ፣ ይማም ከተስፋዬና ከገብሬ ጋር በአንድ የዘር ሐረግ ላይ ተቀምጠው ያገኛሉ። የልጅ ኢያሱ አባት ራስ ሚካኤል እንኳ ሲወለዱ መሐመድ አሊ ነበሩ። ሐረጉን ወደ ላይ የሚቆጥር ሰው እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥመው አይደንግጥ።

አሁን ከሁሉ ወደ ከበደው ጥያቄ ልምጣ።

ካሳሁን የሐዘን ስም ነው። ካሳ ለጠፋ ነገር የሚከፈል ነው፤ የደም ካሳ እንደምንለው። «ሁን» ትእዛዝ ነው። ካሳ ሁን፣ ያጣነውን ክፈለን። ሕፃናት በብዛት ይሞቱበት በነበረ አገር እንዲህ ያለ ስም ብዙ መሆኑ አያስገርምም። ምትኩ፣ ተካ፣ ፈንታሁን በሄደው ቦታ የሚቀመጥ ነው። ማስረሻ፣ መርሻ፣ አስረስ የሚያስረሳ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። ቢያድግልኝ የሚባል ስም ያውቃሉ? እናት ለአምላክ የምትናገረው ነው፤ ይሄኛው እንኳ ቢያድግልኝ። ልጁ አድጎ፣ አርጅቶ፣ ጡረታ ወጥቶም ስሙ እንደዚያው «ቢያድግልኝ» ነው። ደጋግሞ ልጅ የሞተበት ቤት ደግሞ ሞት እንዲንቀው ብሎ ዝቅ ያለ ስም ያወጣል። ባርያው የሚለው ስም አንዳንድ ቦታ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። ይህኛው ዛሬ ቢቀር አይቆጨኝም፤ አንዱን ልጅ ለማትረፍ የሌላውን ሰው ክብር መዋስ ነው።

ካሳ ግን የተናቀ ስም አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ኃይሉ ነበሩ። በ1864 የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛም ካሳ ምርጫ ነበሩ። እናትዎ ያቀረቡት ስም ሁለት ንጉሥ የወጣበት ነው። ትርጉሙም ደግ ነው። እናትዎ በዚህ ስም የሚያናግሩት እርስዎንና ባለቤትዎን ነው። «ልጃችሁ ሞቶ ዝም ያልኩ እንዳይመስላችሁ፣ አልረሳሁትም» እያሉ ነው። ሩቅ አገር ያለ ልጁን አቅፎ ማስተዛዘን ያልቻለ ወላጅ በስም ያስተዛዝናል።

ባለቤትዎም እውነት አላቸው። ያንን ስም በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። «ካሳሁን ና፣ ካሳሁን ብላ» ባሉ ቁጥር የሄደው ይመጣል። አንዳንድ እናት ይህ ያጽናናታል። አንዳንዷን ያቆስላታል። ይህን ከውጭ ሆኖ የሚወስን የለም፤ አማትም፣ ባልም፣ እኔም። የልጁንም ወገን ያስቡ። ያላየው ወንድሙ ምትክ ሆኖ መጠራት ለአንዳንድ ልጅ ይከብደዋል። ይህን የነገሩኝ ስማቸው ምትኩ የሆነ ሰዎች አሉ። ግድ የማይሰጣቸውም አሉ።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ወረቀት ላይ የሚሰፍረውን ስም ባለቤትዎ ይምረጡ። ለእናትዎ ደግሞ ልማዳችን መውጫ አለው። በአገራችን ልጅ አንድ ስም ብቻ ኖሮት አያውቅም። አያቱ በአንድ፣ አባቱ በሌላ፣ ሰፈሩ በሦስተኛ ይጠሩታል። እናትዎ በስልክ «ካሳሁኔ» ይበሉት። የእሳቸው ስም ይሁን። ማንም አይከለክላቸውም፣ የልደት ወረቀቱም አይነካም። ሐዘኑን ሳይጠራ ደስታውን የሚናገር ስም ከፈለጉ ሲሳይ አለ፣ በረከት አለ። ሁለቱም ለወንድም ለሴትም ይሆናሉ። ሴት ከሆነች «ካሰች» እንዳይመጣ ከአሁኑ ይዘጋጁ፤ እናትዎን በደንብ ያወቅኳቸው መሰለኝ።

ለክርስትናው ስም መጨነቅ የለባችሁም። ቀኑ ሲደርስ ካህኑና የክርስትና አባቱ ያሉበት ነገር ነው። በ23 ከዋለ ደግሞ ወልደ ጊዮርጊስ በራሱ ጊዜ ይመለሳል።

አሁን የቤተሰብ ስሙ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ስም መያዝ ግድ ስለሆነ ጥያቄው «የትኛው ትክክል ነው» አይደለም። ትክክለኛ የለም። ሁሉም ከሐረጉ ላይ የተቀነጠሰ ነው። አገር ቤት ባለው ልማድ ከሄዳችሁ ለልጆቹ የእርስዎ የራስዎ ስም ይሆናል። ይህ ደስ ይላል፤ እርስዎና ልጆችዎ ግን ወረቀት ላይ የተለያየ የቤተሰብ ስም ይኖራችኋል፣ አየር ማረፊያ ላይ ማስረዳት አለ። አባትዎን ጣሰውን ማድረግም ይቻላል። እኔ ብሆን የጀመራችሁትን አልለቅም ነበር፤ ግን አስተካክዬ። «ጊዮርጊስ» ሳይሆን «ወልደጊዮርጊስ»፣ ሳይራራቅ በአንድ ቃል። ይረዝማል። ለፈረንጅ አፍም ያስቸግራል። ይለምዱታል፤ ገብረሥላሴን ለምደው የለ?

እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ይህን ቀድመው አይተውታል። በ1977ቱም በ1983ቱም ጉዞ የደረሱ ብዙ ሰዎች ገና ሲገቡ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል። የአባት ወይም የአያት ስም ደግሞ ለመላው ቤተሰብ የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቧል። ከልጆቹ መካከል አድገው ወደ አማርኛ ስማቸው የተመለሱ አሉ። ስም ሲመለስ ግን ብዙ ወረቀት ይዞ ነው የሚመለሰው። በጊዜ ማስተካከሉ ይቀላል የምለው ለዚህ ነው።

ለልጅዎ የቤት ሥራ ደግሞ እንዲህ ብላ ብትጽፍ ይበቃታል፤ «እኛ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሄድ የቤተሰብ ስም የለንም። ወረቀት ላይ ያለው ስሜ ከቅድመ አያቴ ስም የተቆረጠ ነው። እሳቸው ወልደ ጊዮርጊስ ይባሉ ነበር፣ የጊዮርጊስ ልጅ ማለት ነው። አያቴ ጣሰው ናቸው፤ ጥሶ የሚያልፍ ማለት ነው። ከእነሱ በፊት የነበሩት ደግሞ እነዚህ ናቸው» ብላ ዝርዝሩን ትቀጥል። የራሷ ስም ምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ለምን ያንን ስም እንዳወጡላት እርስዎና ባለቤትዎ ጻፉላት። አስተማሪዋ ከሌላ ልጅ የማታገኘው ወረቀት ይሆናል።

የቀረው የወረቀት ጉዳይ ነው። እስካሁን ዜግነት ካልወሰዱ፣ ሲያመለክቱ እዚያው ማመልከቻው ላይ ስም እንዲቀየርልዎ መጠየቅ ይችላሉ። ወልደንና ጊዮርጊስን ያኔ ያጋጥሟቸው። ሕፃኑ ከቀደመ የልደት ወረቀቱ ላይ በቀጥታ ወልደጊዮርጊስ ብላችሁ ጻፉ፤ በአብዛኛው ግዛት ምርጫው የወላጅ ነው። የትልቋ ልጅ ስም በፍርድ ቤት በኩል ነው የሚስተካከለው፣ ጊዜ ይወስዳልና ቀድማችሁ ጀምሩ። በላቲን ፊደል እንዴት እንደምትጽፉት ደግሞ አሁኑኑ ተስማሙና አንድ ቦታ ላይ አስፍሩት። አንዱ ልጅ በአንድ «ኦ»፣ ሌላው በ«ኤ» ከተጻፈ ወንድምና እህት መሆናቸውን ለማስረዳት ሌላ ወረቀት ይጠየቃሉ።